ተከታዩ ፊልም የሚጨምረው ደም ነው ወይስ ቁም ነገር?



በሆሳዕና ይሁን በዱራሜ፣ ልጆቻችን በስልክና በቴሌቪዥን ደም የሚፈስባቸውን አስፈሪ ፊልሞች ያያሉ። አንዱ ገበያ ሲያገኝ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላል። «ያው ነው፤ ደሙ ብቻ በዛ» ብለን ሁሉንም በአንድነት ከመንቀፋችን በፊት፣ ተከታዩ ከፊተኛው ሊሻል ይችል እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።

የታወቀ መንገድ መከተል ብቻውን ነውር አይደለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ ጅቡ እንደሚመጣ እያወቀ ደጋግሞ ይሰማል። ነገር ግን መልካም ተራኪ ጅቡን በየማታው በቁመት ብቻ አያሳድገውም፤ አዲስ ብልሃት ይጨምርበታል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ጀምስ ዌል «ፍራንከንስታይን» የተባለውን ፊልም ሠራ። ከሬሳ ብልቶች ተገጣጥሞ የተሠራው ፍጡር በዚያ ፊልም አይናገርም። በ1935 በወጣው «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» ግን አንድ ዓይነ ስውር ባሕታዊ በጎጆው ተቀብሎ ያበላዋል፤ መናገርንም ያስተምረዋል። መልኩን አላየምና አይፈራውም። ትናንት የፈራው ተመልካችም ዛሬ ያዝንለታል።

ደም የበዛበትም ቢሆን ቁም ነገር ሊኖረው ይችላል። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 የሚራመዱ ሙታንን አሳየ፤ በ1978 በሠራው «ዶውን ኦፍ ዘ ዴድ» ደግሞ በሕይወታቸው ወደ ለመዱት ትልቅ የገበያ አዳራሽ ሲመለሱ አሳያቸው። ደሙ ከፊተኛው ይልቅ በዝቷል፤ ነገር ግን የዕቃ ፍቅር ሰውን እንዴት እንደሚያደነዝዘው ይናገራል። በአንጻሩ «ሶው» ከ2004 እስከ 2010 በየዓመቱ አንድ፣ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ወጣ፤ የማሠቃያው መሣሪያ እየተራቀቀ ሲሄድ የሚሠቃየውን ሰው ለማወቅ ግን ጊዜ አይገኝም።

የእኛ ልጆች ደምን ከፊልም አስቀድመው ያውቁታል። የሀዲያ ያሆዴ፣ የከምባታም መሳላ ሲደርስ ጎረቤት ተባብሮ በሬ ይጥላል። በክርስቲያን ቤት ግን ቢላዋው ሳይነሣ የሥላሴ ስም ይጠራል፤ ሕይወት እንደሚያልፍ ልጁ ያስተውላል። የሚያስፈራን ይህን ማስተዋል በጨዋታ ብዛት ማጣቱ ነው።

እንግዲህ ሕፃናትን ከእንዲህ ያለው ትርዒት እናርቃቸው፤ ጎልማሳውን ልጅ ግን ከመቆጣታችን በፊት «ከፊተኛው ምን ተጨመረ?» ብለን እንጠይቀው። ስለ አንድ ሰው የሚነግረን ካለው አብረን እንነጋገርበት፤ የሟቾችን ቍጥር ብቻ ከነገረን ግን ፊልሙ ያልጨመረለትን ነገር ራሱ ሰምቶታል።