ዋጋ በውስጥ መስመር

ሐምሌ ነው። ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ታች ስወርድ ዝናቡ ጀመረ። ጃንጥላዬን እንደተለመደው ቢሮ ረስቼዋለሁ። ያገኘሁት የመጀመሪያ በረንዳ ላይ ወጥቼ ተጠለልኩ። ዞር ስል የቡቲክ መስታወት ነው፤ በትልቁ «ሰመር ኮሌክሽን ገብቷል!» ይላል። ከጽሑፉ ሥር ፊት የሌላቸው ሁለት አሻንጉሊቶች ቆመዋል። አንዷ እጅጌ የሌለው ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፣ ሌላዋ ነጭ ቁምጣና የገለባ ባርኔጣ። በእኔ በኩል ደግሞ በረዶ እየጣለ ነው።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ገባሁ። ከዚያ ቢጫውን ቀሚስ ገዛሁት።

በማግስቱ ይኼን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ስነግረው «አንቺ ግን የምርሽን ኢንጂነር ነሽ?» አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ጥያቄው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፤ ምክንያቱም ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ይኼ ጽሑፍ ለእሱ ነው። ካነበብከው ቡና እጋብዝሃለሁ።

ምህንድስና አምስት ዓመት ነው የተማርኩት። ከክፍላችን ሴቶች በጣት የምንቆጠር ነበርን። አንደኛ ዓመት ላይ አንዲት ጓደኛችን ፕሬዘንቴሽን የምታቀርብበት ቀን ደረሰና ቀይ ጉርድ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አምሮባት መጣች። መምህሩ ከላይ እስከ ታች አያትና «ዛሬ ፋሽን ሾው አለ እንዴ?» አለ። ክፍሉ አውካካ። እኔም ሳቅኩ፤ ይኼን ነው እስከ ዛሬ የማፍርበት። ልጅቷ ያቀረበችው ነገር ከሁላችንም የተሻለ ነበር፣ ግን የዚያን ቀን ከክፍሉ ማንም ያስታወሰው ጉርዱን ነው። ከዚያ በኋላ እሷም እኔም ግራጫ ሹራብ ውስጥ ገብተን ተመረቅን። አራት ዓመት ተኩል! «ቁም ነገረኛ» ለመምሰል የከፈልነው ዋጋ ነው። ወንዶቹ ይኼን ዋጋ አልከፈሉም፤ የፈለጉትን ለብሰው ይመጡ ነበር፣ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

አሁን ደግሞ ሶፍትዌር ቤት ገብቼ የማገኘው ያው ነገር ነው፣ ስሙ ብቻ ተቀይሮ። «ስቲቭ ጆብስ እኮ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነበር የሚለብሰው፣ አእምሮውን ለትልቅ ነገር ለመቆጠብ» ይሉኛል። እሺ፣ ስለዚያች ጥቁር ሹራብ እናውራ። ከመርካቶ ክምር ላይ የተነሳች አይደለችም። ጆብስ ራሱ ለሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ለዋልተር አይዛክሰን እንደነገረው፣ የጃፓናዊው ዲዛይነር የኢሴይ ሚያኬ ሥራ ናት። ወደዳት፣ ሥራልኝ አለው፣ ወደ መቶ የሚጠጉ ተሠርተው መጡለት። በዓለም ከሚታወቁ ዲዛይነሮች አንዱን ያሠራ ሰው ስለ ልብስ ማሰብ ትቷል ማለት አይቻልም። አንዴ አጥብቆ መርጦ ጨረሰ፣ በቃ። ኦባማም በ2012 ውሳኔ ለመቀነስ ግራጫና ሰማያዊ ሱፍ ብቻ እንደሚለብስ ተናግሮ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በፈረንጆቹ ነሐሴ 2014 ለአንድ ቀን ቡናማ ቢጤ የሞቃት ወቅት ሱፍ ለብሶ ጋዜጣዊ መግለጫ ቢሰጥ፣ ስለ ሶሪያ የተናገረው ተረስቶ አሜሪካ ስለ ሱፉ ስታወራ ሰነበተች። «ልብስ ምንም አይደለም» የሚሉ ሰዎች ልብሱ ሲቀየር ቀድመው የሚጮኹት ለምንድን ነው?

እስቲ ቡቲክ ስገባ ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አላይም፣ እነካለሁ። ይኼን የወረስኩት ከእማዬ ነው። እማዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ለራሷ በዓመት አንድ ቀሚስ ትገዛለች፣ ለእንቁጣጣሽ። ያንን አንድ ቀሚስ ለመግዛት ሦስት ቅዳሜ ትዞራለች። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ እንደገና ፒያሳ። እኔ እጇን ይዤ እግሬ እስኪነድ እከተላታለሁ። ሻጩ ቀሚሱን በማንጠልጠያው ከፍ አድርጎ ሲያሳያት፣ እሷ ታወርደውና ትገለብጠዋለች። የምታየው ውስጡን ነው። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው ወይስ የዘለለ? ጠርዙ ላይ የተረፈ ጨርቅ አለው ወይስ ጫፉ ድረስ ቆርጠውታል? (የተረፈ ካለው ነገ ሊሰፋ ይችላል።) መስመር ካለው፣ መስመሮቹ ስፌቱ ጋ ሲደርሱ ይገጥማሉ? ከዚያ ጫፉን በጭብጧ ጨምድዳ ትንሽ ትቆይና ትለቀዋለች፤ ካልተዘረጋ ትመልሰዋለች። በመጨረሻ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች። አንድ ቀን አንዱ ሻጭ ታከተውና «እትዬ፣ ኧረ ቀሚስ ነው እንጂ በግ አይደለም!» አላት። እማዬ አልሳቀችም። «በጉማ በሦስት ቀን ያልቃል፤ ይኼ ዓመት ሊቆይ ነው» አለችው።

ኮድ ሪቪው ምን ማለት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ነው፣ ብዬ ብናገር ማጋነን አይሆንም። ላዩ ሲያምር ዝም ብሎ አለመቀበል፣ ገልብጦ ማየት።

እና ደስታው ምኑ ላይ ነው? ለእኔ ከመግዛቱ ይልቅ ከፍለጋው ነው። ትንሽ ቡቲክ ውስጥ ያለው ዕቃ የአንድ ሰው ዓይን የመረጠው ነው። ባለቤቷ ኢስታንቡል ወይም ጓንግዙ ሄዳ፣ ከሺህ ነገር መሐል ሠላሳውን መርጣ፣ በሻንጣ ጭና አምጥታዋለች። ስትገቢ የእሷን ምርጫ ነው የምታነቢው። አንዷ ጋ ሁሉም ነገር አንጸባራቂ ነው፣ ትወጫለሽ። ሌላዋ ጋ ስትገቢ ደግሞ «ይቺ ሴትዮ እኔን ታውቀኛለች እንዴ?» ትያለሽ። ፎቶ ይኼን አይሰጥም። ጨርቅ በስክሪን አይዳሰስም፤ ይኼን የምትላችሁ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጣ የምትውል ሰው ናት።

የወቅቱ ነገር ራሱ አንድ ጨዋታ ነው። ትምህርት ቤት «ሰመር ማለት ክረምት ነው» ተብለን አይደል ያደግነው? በወር ካየነው ልክ ነው፤ የእነሱ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የእኛም ነው። በሰማይ ካየነው ግን ተቃራኒ ነው። እነሱ ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ እኛ ጭቃ እንዘላለን። ዕቃው የሚመጣው በእነሱ ካላንደር ስለሆነ ነው ሐምሌ ላይ የገለባ ባርኔጣ የሚሰቀለው። ጥቅምት ላይ፣ የእኛ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከውጭ ኮትና ቦት ጫማ ይገባል። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይናደዳል፣ እኔ ግን ተጠቅሜበታለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግቡና ወደ ጀርባ፣ ወደ መጋረጃው አካባቢ ሂዱ፤ ያልተሸጠው «ሰመር» እዚያ ነው ተጨናንቆ የሚሰቀለው፣ ባለቤቷም ቦታ ስለጠበባት ልትገላገለው ትፈልጋለች። አምና ታኅሣሥ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ የወይራ ቀለም ያለው የሊነን ሸሚዝ ያገኘሁት እንደዚያ ነው። የወንድ ነው፣ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል፣ ትከሻው ሰፊ ነው። ዘጠኝ መቶ ብር። ሰፈራችን በረንዳ ላይ በሲንጀር የሚሰፉት ጋሼ ትከሻውን አስገብተው፣ ከኪሱ ውስጥ የተረፈች መለዋወጫ ቁልፍ አግኝተው ተክለው፣ ሁለት መቶ ብር አስከፈሉኝ። አዲስ አበባ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ አመሻሽ ላይ ትበርዳለች፤ ለዚህች ከተማ ከሊነንና ከላዩ ከምትጣል ሹራብ የተሻለ ነገር አላየሁም።

«ሕዝቡ በኑሮ ውድነት እየተቃጠለ አንቺ ስለ ቀሚስ» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እማዬም ኑሮ ሲከብዳት ነበር በዓመት አንድ የምትገዛው። ያንን አንድ ግን በደስታ ነበር የምትፈልገው፣ ሦስት ቅዳሜ። ድሃ ሰው ልብስ ይሸፍነው እንጂ አያስደስተው ያለው ማነው?

እስከዚህ ድረስ ለቡቲክ ጠበቃ ቆሜያለሁ። አሁን ግን ወደ ባለቡቲኮቹ ልዞር ነው፤ ይኼን ደስታ እየገደላችሁት ያላችሁት እናንተ ናችሁና።

«ዋጋ በውስጥ መስመር።»

ይቺን ሐረግ የማያውቅ የቴሌግራም ተጠቃሚ አለ? ፎቶው አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ «ፍሪ ዴሊቨሪ» አለ፣ ሦስት የልብ ምልክት አለ። ዋጋ የለም። ትጠይቂያለሽ፣ «ሰላም የኔ ቆንጆ፣ ኢንቦክስ ገብተሽ አናግሪን» ትባያለሽ። ሱቁ ውስጥም እየተዛመተ ነው፤ ከልብሱ ላይ የዋጋ ወረቀት ጠፍቷል። ሻጯ አንቺን፣ ጫማሽን፣ ስልክሽን አየት ታደርግና ቁጥር ትናገራለች።

ከምክንያቱ ጋር የተዋወቅኩት በሥራ ነው። ከዓመት በፊት ለአንድ ቡቲክ የቴሌግራም ቦት ሠራሁ፣ ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ። ፎቶ፣ መጠን፣ ቀለም፣ ዋጋ፣ የመግዣ ቁልፍ። ሳሳያት ባለቤቷ በጣም ወደደችው። ከዚያ «ዋጋ የሚለውን አጥፊው» አለችኝ። ለምን አልኳት። ተፎካካሪ ያየዋል አለች፤ ይኼ ይገባኛል። ቀጥላ ግን «ደሞ እኔ ፕሮፋይሏን አይቼ ነው የምናገረው» አለችኝ፤ እየሳቀች፣ የንግድ ምስጢር እያካፈለችኝ፣ እንደ እህት።

ቤቴ ሄጄ በሌሎች ሱቆች ሞከርኩት። ሁለት አካውንት አዘጋጀሁ። አንዱ ላይ ጓደኛዬ ትልቅ ሆቴል ገንዳ ዳር የተነሳችውን ፎቶ አደረግኩ፣ ሌላው ላይ አበባ። ለአንድ ጫማ አበባዋ 3,200 ብር ተባለች፣ ባለገንዳዋ 3,800። አንድ ሱቅ ብቻ ነው እንዲህ ያደረገው፣ ሌሎቹ እኩል ነው የተናገሩት። ጥናት ነው አልልም። ግን የስድስት መቶ ብሩን ልዩነት ካየሁ በኋላ «የኔ ቆንጆ» ስባል እንደ ድሮው አልሰማውም።

መከራከሪያቸውን አውቀዋለሁ። ኪራይ ሰማይ ነክቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፎ ሄደ፤ ትናንት ያመጣችውን ዕቃ ዛሬ በምን ዋጋ እንደምትተካው የማታውቅ ነጋዴ ዋጋ መለጠፍ ብትፈራ አልፈርድባትም። ግን ዋጋ መቀየርና ዋጋ መደበቅ ይለያያሉ። ከተቀየረ ቀይሪው፤ ቦት ላይ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

«የእኛ ባህል ድርድር ነው» የሚለውም አያስኬድም። መርካቶ መከራከር እወዳለሁ፤ እማዬ ዋጋ ስታወርድ ማየት ቲያትር ነበር። ግን መርካቶ ላይ ሻጩ ጮክ ብሎ ነው ዋጋ የሚጠራው፣ ጎንሽ ያለችው ሴትዮ ትሰማለች፣ «ኧረ ተወደደ!» ብላ ታግዝሻለች። ውስጥ መስመር ላይ ብቻሽን ነሽ። ጎረቤት የሌለበት ድርድር ነው።

ዋጋ መለጠፍም አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ፓሪስ ውስጥ ቦን ማርሼ የሚባለውን ሱቅ ከ1852 ጀምሮ ያሳደገው አሪስቲድ ቡሲኮ ነበር። ለሁሉም አንድ ዋጋ፣ ገብቶ ሳይገዙ መውጣት፣ ያልተስማማን መመለስ፤ በእነዚህ ነው ገበያውን የገለበጠው። እኛ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን ዋጋውን መለጠፍ አቃተን። አዋጅም እኮ አለን፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ ያሳይ ይላል። ማንም ኢንቦክስ ገብቶ ያሳይ አላለም።

የሚያናድደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ዋጋ ያልተለጠፈበት ሱቅ በር ላይ ቆማ የምትመለስ ልጅ አለች። መግዛት ትችል ይሆናል፣ ላትችልም ትችላለች፤ ግን ጠይቃ፣ ሰምታ፣ «እመለሳለሁ» ብላ ስትወጣ ከኋላዋ የሚከተላትን ዓይን ትፈራለች። የመጀመሪያ ደመወዜን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ፣ በዚያው ግራጫ ሹራብ፣ ቦሌ አንድ ቡቲክ በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመልሻለሁ። እማዬ አብራኝ ብትሆን ኖሮ ገፍታኝ ትገባ ነበር። ወረቀት ቢለጠፍበት ኖሮም እገባ ነበር፤ ከመስታወቱ ውጭ አንብቤ፣ ኪሴን አስቤ፣ ቀና ብዬ።

ቦቱን አስረከብኩ፣ ገንዘቤንም ተቀበልኩ። ያለ ዋጋ ነው፣ እንደተባልኩት። ይኼን ስጽፍ ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም። ዋጋ የሚለው ዓምድ ዳታቤዙ ውስጥ አሁንም አለ። አላጠፋሁትም፣ ከስክሪኑ ላይ ነው የደበቅኩት። መልሶ ለማውጣት አንድ መስመር ኮድ ነው። ካነበብሽው ደውይልኝ፣ አላስከፍልሽም።