የእናታችን ጭንቅላት ቁምሳጥን አይደለም

ስለ ቤት አደረጃጀት ቲክቶክ ላይ የሚለቀቁትን ቪዲዮዎች የሚያይ ሰው እስቲ ግሦቹን ልብ ብሎ ያዳምጥልኝ። «ደርድሪ፣ ለጥፊ፣ ጻፊ፣ አስተካክዪ።» የአማርኛ ግስ ምስጢር መደበቅ አይችልም፤ ለማን እንደሚነገር እዛው ያጋልጣል። የሚታየው ዕቃ ነጭ ሰሌዳ፣ የቀርከሃ ቅርጫት፣ የቁልፍ መስቀያ፣ የወሩ ቀናት የሚሞሉበት ቻርት ነው። ያምራል። ጠቤ ከውበቱ ጋር አይደለም። ጠቤ ይሄን ሁሉ ገዝታ፣ ሰቅላና ጽፋ የምትጨርሰው ሴት በመጨረሻ የሰሌዳው ብቸኛ አንባቢ እሷው ራሷ ከመሆኗ ጋር ነው።

የኛን ቤት እንየው። ሳሎን ውስጥ ቡፌ አለ፤ ከመስታወቱ ጀርባ ዓመት በዓል ካልደረሰ የማይነኩ ብርጭቆዎች ተሰልፈዋል። የኪራይ ውሉስ? ፍራሽ ስር። የልጁ የክትባት ካርድ? ፌስታል ውስጥ፤ ፌስታሉ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ። የመብራት ካርዱ? «እማዬን ጠይቃት።» ለእንግዳ ብርጭቆ ሦስት መደርደሪያ የሰጠ ቤት ለራሱ ወረቀት አንድ ኪስ የለውም። አያስፈልገውማ! የአንዲት ሴት ጭንቅላት አለለት።

እዛ ጭንቅላት ውስጥ ምን ምን እንደታጨቀ ቆጥረን እናውቃለን? ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀንና በርሜሉ የሚሞላበት ሰዓት። የእድር መዋጮ፣ የእቁብ ቀን። ቆጣሪው ላይ የቀረው ብር። የአባት የደም ግፊት መድኃኒት መቼ እንደሚያልቅ። የማን ለቅሶ እንዳልተደረሰ። ይሄ ሁሉ ደግሞ በሁለት አቆጣጠር፤ የቪዛው ቀጠሮ በፈረንጅ፣ የእድሩ ስብሰባ በኛ። ለዚህ የሚከፈላት «ባለሙያ ናት» የሚል አድናቆት ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ተረት ቃል በቃል ወስደነው ሙያውን ሁሉ አንድ ልብ ውስጥ ቆልፈንበታል። ያቺ ሴት አንድ ቀን ታማ ሆስፒታል ብትተኛ አልጋዋ አጠገብ ቆመን «የጋዙ ቁልፍ የት ነው?» እንላታለን።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊቷ ካርቱኒስት ኤማ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ የአእምሮ ሸክም በካርቱን ሥላ ብዙ ሴቶች ተቀባብለውታል። ነጥቧ ቀላል ነው፦ «ብትጠይቂኝ እኮ እረዳሽ ነበር» የሚል ወንድ ሚስቱን አለቃ፣ ራሱን ትእዛዝ ጠባቂ አድርጎ ሾሟል። አለቅነት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

አሳምሮ ማደራጀት ብቻውን ነጻ እንደማያወጣም ታሪክ አሳይቶናል። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 የፍራንክፈርት ወጥ ቤት የሚባለውን ነደፈች። ስም የተጻፈባቸው የአሉሚኒየም መሳቢያዎች ነበሩት፤ እርምጃ ተቆጥሮ፣ ድካም ተለክቶ ነው የተሠራው። 10,000 ገደማ ተተከለ። ሐሳቧ የሴቶችን ልፋት መቀነስ ነበር። ግን ክፍሉ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ጠባብ ነበርና በኋላ የመጡ ፌሚኒስቶች ሴትየዋን ብቻዋን ዘጋባት ብለው ተቹት። ሥራው ቀለለ፤ ባለቤቷ ግን አልተቀየረም።

ታዲያ ሰሌዳው ይቅር? ኧረ በፍጹም! ይሠራ፤ ግን ለጋራ ይሠራ። ገንዘብም አይጠይቅም። የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ካርቶን ውሰዱና ያረጀ ነጠላ አልብሱት፤ ጥለቱ ከላይ ሲውል ከተገዛው ይበልጥ ያምራል። አከራያችሁ «ሚስማር እንዳትመቱ» ካሉ በቁምሳጥኑ ጎን በገመድ ይንጠልጠል። ካረጀ ጂንስ ሦስት ኪስ ቁረጡና ስፉበት፦ «የሚከፈል»፣ «የሚፈረም»፣ «ይዞ የሚወጣ»። የዱቄት ወተት ጣሳ ለእስክሪብቶ ይሆናል፤ እስክሪብቶው በክር ካልታሰረ በ2 ቀን ይጠፋል። ለቁልፍ መስቀያ ምናለሽ ተራ ጎራ ማለት ይበቃል። መሃሉ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር የያዘ ካላንደር። ፓስፖርትና የቤት ካርታ ግን አይሰቀሉም፤ ክላሰር ውስጥ ገብተው ቦታቸው ለአዋቂዎቹ ሁሉ ይነገር። ማንበብ የማይችል ሰው ካለ የውሃው ቀን በሰማያዊ ይቀለም።

ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፦ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የሰው ስም ይጻፍ። «ጋዝ፦ አባዬ። የእድር ብር፦ ታላቅየው። መድኃኒት፦ ትንሿ።» ስም የሌለው ሥራ ዞሮ ዞሮ ወደ እማዬ ይመለሳል።

«ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይያዝለትም» የሚል አይጠፋም። አርሰናል መቼ፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት እንደሚጫወት የሚያውቅ ጭንቅላት የውሃ ፈረቃ አይከብደውም። የሃምሳ ሰው እቁብ የሚሰበስብ አባት የልጁን የክትባት ቀን መያዝ ይችላል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከራሷ ከእናት የሚመጣው ነው፦ «ተዉት፣ እኔ ይሻለኛል።» ይሄን በቀላሉ አላየውም። ሌላ ሥልጣን ባልተሰጣት ቤት ውስጥ ዕቃው የት እንዳለ ማወቅ የእሷ ሥልጣን ነው። ግን ክብሯ የኛ አለማወቅ ላይ የቆመ ከሆነ ያ ክብር ሳይሆን የሥራ ውል ነው፤ ያውም ዓመት ፈቃድ የሌለው።

ሰሌዳው መሥራቱን ለማወቅ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ አያስፈልግም። እማዬን ለ3 ቀን ዘመድ ጥየቃ ላኳት። በነዚያ ቀናት «የት ነው ያስቀመጥሽው?» ብሎ የሚደውልላት ካልተገኘ ሠርቷል።