«ሞላ ብረት ነው፤ ቢቆረጥ ምን ይሆናል?»

ሰሞኑን አንድ ጋራዥ ውስጥ የሰማሁት ንግግር ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። አንድ ወጣት ቪትዙን ዝቅ ማስደረግ ፈልጎ ዋጋ ይጠይቃል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚመረተው ሞላ ከነአሞርዛተሩ ስንት እንደሚያወጣ ሲነገረው ፊቱ ቅጭም አለ። የጋራዡ ባለቤት ይህን ሲያይ፣ «ለምን ትጨነቃለህ ወንድሜ? ያለውን ሞላ በግራይንደር አንድ ቀለበት ተኩል እናነሳለታለን። ሞላ ብረት ነው፤ ቢቆረጥ ምን ይሆናል? ምሳህን በልተህ ስትመለስ ይዘሃት ትሄዳለህ» አለው። ልጁ፣ «ችግር የለውም አይደል ጋሼ?» ብሎ ጠየቀ። «ስንቱን ሠርተናል!» ተባለ። ቁልፉን አስረክቦ ወጣ።

ንግግሩ አዲስ ሆኖብኝ አይደለም የተናደድኩት። ከቶዮታ ዲኤክስ ዘመን ጀምሮ በየጋራዡ ሲባል የኖረ ነው። ያናደደኝ ዛሬም የባለሙያ ምክር ተብሎ፣ በዚያ ላይ «አቅምን ያገናዘበ» የሚል ስም ወጥቶለት መቀጠሉ ነው። መኪና ዝቅ ማስደረግን አልቃወምም። ቸርኬዋ ፓራፋንጎዋን ሞልቶ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ዲኤክስ ስታልፍ እኔም ዞር ብዬ አያለሁ። ጠቤ ከግራይንደሩ ጋር ነው፤ ከግራይንደሩም በላይ «ርካሽ ነው» ከሚለው ወሬ ጋር። ሞላ ማስቆረጥ ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

በመጀመሪያ «ብረት ነው» የምትለዋን እንያት። ሞላ የትም ቦታ ቢቆረጥ ጠባዩን እንደማይለውጥ የአጥር ብረት አይደለም። የሽቦው ውፍረት፣ የቀለበቱ ስፋትና የቀለበቶቹ ብዛት ለዚያች መኪና ክብደት ተሰልተው የተሠሩ ናቸው። አንዱ ሲነካ ሞላው ሌላ ሞላ ይሆናል። የሚሠሩ ስድስት ቀለበቶች ካሉት ሞላ አንዱ ሲወጣ የቀረው በ20 በመቶ ይጠነክራል፤ ሁለት ሲወጣ ደግሞ በ50 በመቶ። የሞላ ጥንካሬ ከቀለበቱ ብዛት ጋር በተገላቢጦሽ እንደሚሄድ መካኒክ ነኝ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የማያውቅ ከሆነ ግራይንደሩን ያስቀምጥ። እያወቀ የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ ደንበኛውን እያታለለ ነው።

ሞላው እንዲህ ሲለወጥ አሞርዛተሩ ግን ያው የድሮው ነው። ሥራው የሞላውን መዝለል መግታት ነው፤ የተሠራውም ለዚያ ለቀድሞው ሞላ ጉልበት ነው። የጠነከረ ሞላ ታጥፎ ሲመለስ አሮጌው አሞርዛተር ሊይዘው አይችልም። መኪናዋ ጉድጓድ በመታች ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ ትነጥራለች፤ በነጠረች ቁጥር ጎማው መሬት የሚይዝበት ጊዜ ያጥራል፤ መሬት ያልያዘ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢያዝም መሪ ቢጠመዘዝም አይታዘዝም። ከዚህም ሌላ መኪናዋ ዝቅ በማለቷ ብቻ አሞርዛተሩ ገና ቆማ ሳለች ወደታች የሚገባበትን መንገድ ገሚስ ጨርሶታል። የቀረችው ጥቂት ሳንቲ ሜትር በአዲስ አበባ ኮብልስቶንና በየመንደሩ ልኩ ሳይታወቅ በተደፋ የፍጥነት መቀነሻ ላይ በቀን ስንት ጊዜ እንደምታልቅ አሽከርካሪውን ወገቡ ይነግረዋል። መጀመሪያ የመጨረሻውን ምት የሚቀበለው ጎሚኒ ይፈረካከሳል። ቀጥሎ የአሞርዛተሩ የዘይት ማገጃ ላስቲክ ይሄድና ዘይት በዘንጉ ላይ መውረድ ይጀምራል። ልጁ በዚያች ምሳ ሰዓት ያተረፈው መስሎት የነበረው ገንዘብ እዚህ ላይ አልቋል።

ጎማውን እንጨምርበት። የፊት እግሩ እንደ ቪትዝና ኮሮላ ማክፈርሰን (ሞላው አሞርዛተሩን ከቦ የሚቀመጥበት ዓይነት) በሆነ መኪና ቁመቱ ሲወርድ የጎማው ራስ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የመሪው ዘንግና የታችኛው ክንድ ማዕዘንም ስለሚለወጥ የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ይዛባል። አላይመንት ካልተሠራ ጎማው ከውስጥ በኩል ይበላል። የሚያሳዝነው ከውጭ ለሚያየው ደህና መምሰሉ ነው። ባለቤቱ ውጪውን አይቶ ይረጋጋል፣ ውስጡ ሽቦው እስኪወጣ ድረስ ተልጧል፤ የሚያውቀውም ጎሚስታው ከቸርኬው ሲያወጣለት፣ ወይም ከዚያ በፊት መንገድ ላይ ሲፈነዳበት ነው። ቴስቲናውም በማይመቸው ማዕዘን እየሠራ ቶሎ ይላላል። ቆራጩ ጋራዥ አላይመንት ያስፈልጋል ብሎ ለልጁ ነግሮታል? እዚያው ቆሜ ነበርኩ፤ አልነገረውም።

እስካሁን ያልኩት በአብዛኛው የገንዘብ ነገር ነው። የቪትዝን የኋላ እግር ግን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እዚያ ሞላው አሞርዛተሩን ከቦ አልተቀመጠም፤ ለብቻው፣ በታችኛው አክስልና በቦዲው መካከል ነው ያለው። በብሎን አልታሰረም። በቦታው የያዘው የመኪናዋ ክብደትና የራሱ ርዝመት ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ጎማው ሲንጠለጠል፣ አክስሉ እስከሚወርድበት ልክ ድረስ የፋብሪካው ሞላ ተለጥጦ ሁለቱንም መቀመጫ እንደነካ ይቆያል። አንድ ቀለበት ተኩል የተቆረጠው ግን አይደርስም። በእጅ ሲነኩት ይዞራል፣ ይንቀጫቀጫል፤ ሲጎትቱት ሊወጣም ይችላል። ክሪክ ላይ የሚሆነው መንገድ ላይም ይሆናል፦ ጉብታ በፍጥነት ታልፎ የመኪናዋ ጀርባ ቅልል ሲል ሞላው ከመቀመጫው ይለቃል፤ ስትመለስ በትክክል ይቀመጥ አይቀመጥ የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ጠማማ ከተቀመጠ አንደኛው የኋላ እግር ከሌላው ጋር መስማማቱን ያቆማል። ይህችው መኪና እሑድ አራት ሰው ጭና፣ ኋላዋ ላይ ትልቅ ስፒከር ደርባ፣ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚነዳበት በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ትወጣለች። «ስንቱን ሠርተናል» ያለው ሰው ከውስጧ የለም።

የተቆረጠው ጫፍስ? የፋብሪካው ሞላ ጫፉ ከመቀመጫው ቅርጽ ጋር እንዲገጥም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ክብደቱን በሰፊው ያሳርፋል። ግራይንደር የተወው ጫፍ ሹል ነው፤ የላስቲክ መቀመጫውን ይበሳል፣ ከብረት ጋር ይፋጫል፣ ጭነቱን በአንዲት ነጥብ ላይ ይሰበስባል። ሞላ ከተቆረጠ በኋላ የሚሰበረውም ብዙ ጊዜ ከዚያው አካባቢ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ግራይንደሩን ትቶ ሞላውን በጋዝ ብየዳ ነበልባል አግሎ «ቁጭ የሚያደርግ» አለ። የሞላ ብረት ጉልበቱን ያገኘው በፋብሪካ ግሎ፣ ተነክሮ፣ እንደገና በተለካ ሙቀት ለስልሶ ነው። ደማቅ ቀይ እስኪሆን ያጋሉት ቦታ ያን ሁሉ ያጣል፤ በራሱ ከቀዘቀዘ ይለሰልስና ቀስ በቀስ እየወረደ ይሄዳል፣ ውሃ ከተደፋበት ደግሞ እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ይህን የሚሠራ ጋራዥ መዘጋት አለበት።

«ስንቱን ሠርተናል» የሚለው መልስ ብዙ ሰው ስለሚያሳምን ጥቂት ልበል። የጎማው ውስጥ የተበላበት፣ አሞርዛተሩ ያፈሰሰበት፣ የኋላ እግሩ መንቋቋት የጀመረበት ሰው ወደ ቆረጠለት ጋራዥ ተመልሶ አይሄድም። ለጎማው ጎሚስታ ጋ፣ ለአሞርዛተሩ ሶማሌ ተራ፣ ለመንቋቋቱ ሌላ መካኒክ ጋ ይሄዳል። ሒሳቡ በሦስት ኪስ ይከፋፈላል፤ ከቆራጩ ጋራዥ መዝገብ ላይ ግን አንድም ቅሬታ አይደርስም። ስለዚህ ሰውየው ከልቡ ችግር የለም ብሎ ያምን ይሆናል። ማመኑ አያድነውም። የሰው ሕይወት የሚያርፍበትን ዕቃ የሚነካ ሰው ሥራው ምን እንዳስከተለ ሄዶ የማየት ግዴታ አለበት።

የተቆረጠ ሞላ ደግሞ አይቀጠልም። ይህን ነው «ርካሽ» ባዮቹ ፈጽሞ የማያነሱት። ለዝቅታ ተብሎ የተመረተ ሞላ ያስገጠመ ሰው የፋብሪካውን ፈትቶ ያስቀምጣል፤ ሐሳቡን ሲለውጥ ወይም መኪናዋን ሲሸጥ ይመልሰዋል። ያስቆረጠ ሰው የሚመልሰው የለውም። ያውም ጊዜው ዛሬ ነው፦ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊነዱ ነው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ምን እንደደረሰ መለዋወጫ ቤት የገባ ያውቃል። ደህና የነበረ የፋብሪካ ሞላ በዚህ ጊዜ በግራይንደር ማበላሸት ሀብት ማጥፋት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚል፣ መልሴ አጭር ነው። ዝቅ ማድረግ የፈለገ ለመኪናው ሞዴል ተለይቶ የተሠራ ሞላ ይግዛ። ጀርመኖቹ አይባክና ኤችኤንድአር የሚያመርቱት ዓይነት ብዙውን ጊዜ ቀለበቶቹ በአንድ በኩል ተቀራርበው የተጠመጠሙ ስለሆኑ መኪናዋን 3 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያወርዳል፤ ጎማው ሲንጠለጠል ግን ከመቀመጫው አይለቅም። እዚያው ጀርመን ሞላ የቀየረ ሰው የዕቃውን ማረጋገጫ ወረቀት ካላቀረበ የመኪናው የመንገድ ፈቃድ ሊቋረጥ ይችላል። እኛ ጋ መኪና በየዓመቱ ለቦሎ ሲመረመር ክሪክ ላይ አውጥቶ ሞላውን በእጅ መንካት ደቂቃ አይፈጅም፤ የግድ መሆን አለበት። አሞርዛተሩ ከሞላው ጋር አብሮ መታየት አለበት፤ ያረጀ ከሆነ አብሮ ይቀየር፣ ከዚያ አላይመንት። አንዳንድ መኪኖች የኋላውን ፍሬን ጉልበት በጭነቱ ልክ የሚያስተካክል ቫልቭ አላቸው፤ ኋላቸው ዝቅ ሲል ቫልቩ መኪናው የተጫነ ስለሚመስለው ለኋላ ጎማ ከሚገባው በላይ ፍሬን ይልካል፤ እሱም ይስተካከል። ከየት እንደተፈታ የማይታወቅ፣ ጥርሱ የዛገ አሮጌ ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል ሞላ ከነአሞርዛተሩ) በርካሽ አገኘሁ ብሎ መግጠምም ከመቁረጥ ብዙ አይሻልም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ገንዘብ የሌለው መኪናውን ባለችበት ከፍታ ይተዋት፤ ያለውን ለአዲስ ጎሚኒና ለደህና አሞርዛተር ያውለው። በዚያው ከፍታ ላይ ሆና መኪናዋ እንዴት መንገድ እንደምትይዝ ሲያይ ይገርመዋል።

አሁን የሚያሳስበኝ ከዚያ ልጅ በኋላ የሚመጣው ገዥ ነው። ቪትዟ አንድ ዓመት ትነዳና ትሸጣለች፤ የሚገዛት ምናልባት ልጆቹን ትምህርት ቤት ሊያመላልስባት የተበደረ አባት ነው፤ ሞላው ተቆርጧል ብሎ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የምትገዙ፣ ቦዲውንና ሞተሩን ዓይታችሁ አትመለሱ። የኋላውን በክሪክ አስነሱ፣ ጎማው ሙሉ በሙሉ ይንጠልጠል፣ እጃችሁን አስገብታችሁ ሞላውን ለማዞር ሞክሩ። ከዞረ ሳይቆረጥ አልቀረም፣ ወይም ለዚያች መኪና የተሠራ ላይሆን ይችላል። ጫፉንም በስልካችሁ መብራት እዩት፤ የግራይንደር ፍቅፋቂ ካለበት፣ ወይም ቀለም የሌለው ጥሬ ብረት ከታያችሁ ሌላ ምስክር አትፈልጉ። ሻጩ መኪናዋ በክሪክ እንዳትነሳ ከከለከለ ቀብድ አትስጡት።