ወፍራም ዘይት ለሁሉም ሞተር አይሆንም

«ወፍራም ዘይት ጨምርበት፤ ሞተርህን ይጠብቅልሃል» የሚለው ምክር በየጋራዡ እንደ ሕግ ተይዟል። ለድሮዎቹ ላዳና ኮሮላ ሠርቶ ይሆናል። ለአዲሶቹ ሞተሮች ግን ወጪ እንጂ ትርፍ የለውም።

በእሽጉ ላይ 0ደብሊው-20 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ትርጉም አለው። ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ከኋላ ያለው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። ቀጭኑ ሲንተቲክ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ቶሎ ይዳረሳል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ቁጠባው ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ ግን ቀላል አይደለም።

ይህን ስንል ቀጭን ዘይት ለሁሉም ይሁን ማለታችን አይደለም። ለ20ደብሊው-50 በተሠራ፣ ዘይት በሚበላ አሮጌ ሞተር ላይ ቢጨመር ትርፉ ጭስ ነው። ሲንተቲክ ሁሉም ቀጭን አይደለም፤ ወፍራምም አለው። ዳኛው የመኪናው መምሪያ መጽሐፍና የዘይት መጨመሪያው ክዳን ነው።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለ መኪና በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ አስመጪው አንድ ዓይነት ዘይት በበርሜል አምጥቶ ለሁሉም ከማደል በየደረጃው ቢያቀርብ፣ ቸርቻሪውም «መኪናህ ስንት ቁጥር ይላል?» ብሎ ቢጠይቅ ደንበኛውን ያቆያል። ገዢም ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን ይመልከት። የዘይት ዋጋ ልዩነት በወር ይረሳል፤ ሞተር ያስወረደ ግን አይረሳም።