የለቀቁትን ማን ይቁጠራቸው?

አንዲት ልጅ ከአርሲ ገጠር መጥታ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ኦፕሬተር ሆና ተቀጠረች እንበል። ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል በጋራ ተከራይታለች። ከቀበሌዋ መሸኛ ስላላመጣች የከተማው መታወቂያ የላትም። የወገብ ሕመሟ ሲብስባት ሥራውን ትታ እናቷ ዘንድ ትመለሳለች። ፋብሪካው «በፈቃዷ ለቀቀች» ብሎ ይጽፋል፤ የገጠሩ ጤና ጣቢያ ደግሞ እንደማንኛዋም የገበሬ ልጅ ካርድ ያወጣላታል። በዚህ አያያዝ የፋብሪካው ሠራተኛ ሁልጊዜ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ወጥቶለታላ!

ፓርኩ ከመከፈቱ በፊት ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች የፋብሪካ ሥራ በሠራተኛው ጤና ላይ የሚያመጣውን እዚሁ አገራችን ውስጥ ፈትሸውት ነበር። በአምስት ድርጅቶች ካመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል ሥራ የሚሰጣቸውን በዕጣ ለዩና ሁሉንም፣ የለቀቁትን ጨምሮ፣ ተከታተሉ። ሥራ ከተሰጣቸው ሲሶ ያህሉ ገና በመጀመሪያው ወር ወጡ። ከዓመት በኋላ ሲታይ፣ ከባድ የጤና ችግር ዕጣው በደረሳቸው ላይ በእጥፍ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። በሥራ ላይ የቆዩትን ብቻ ቢጠይቁ ኖሮ መልሱ ሌላ በሆነ ነበር።

የአገሪቱ መዝገብ ግን ተንቀሳቃሽ ሰው አይመቸውም። ፓርኩ የተመረቀው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን አዳማን 220,212 ነዋሪ ያላት የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ገና ሳይካሄድ፣ የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ናሙናውን የመዘዘው ከዚያው ከአሮጌው ማዕቀፍ ነበር። ቡታጅራ ላይ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተካሄደው የሥነ ሕዝብ ክትትልም ከአካባቢው የወጣን ሰው መውጣቱን ይመዘግባል፤ የገባበት ከተማ ግን ተቀብሎ አይከታተለውም።

መፍትሔው ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ነው፣ መዝገቦቹን በእሱ እናገናኝ የሚሉ አሉ። ያግዛል። ነገር ግን የሕክምና ታሪኳ ለአሠሪዋ የሚታይ ከመሰላት ልጅቱ ጭራሽ ሐኪም ቤት አትሄድም። እኔ በቀላሉ እንጀምር ባይ ነኝ። ካርድ ክፍል ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ «ባለፈው ዓመት የት ነበርሽ? ምን ትሠሪ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ያለ ስም ተደምሮ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ፓርኩም «ይህን ያህል የሥራ ዕድል ፈጠርኩ» ሲል፣ ስንቱ እንደለቀቀና ስንቱ በሕመም እንደለቀቀ በዚያው ሪፖርት ላይ ያስቀምጥ።