ርካሹ ወረቀትና የተቆለፈው ማንበቢያ

ከባሕር ማዶ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ፣ ከጫማውና ከሽቶው ጎን፣ የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ ማግኘት የተለመደ ነው። ለእናት ወይም ለአባት የታሰበ ስጦታ ነው። አብረውት የሄዱት 50 ስትሪፖች በቀን ሁለት ጊዜ ለሚለካ ሰው 25 ቀን ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ከፋርማሲ ፋርማሲ መዞር ይጀምራል። ስትሪፕ አይጠፋም፤ ያ መሣሪያ የሚቀበለው ስትሪፕ ግን ላይገኝ ይችላል። ምንም ብልሽት የሌለበት መሣሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ተከትቶ ይቀራል።

መሣሪያው የተገዛው እንግሊዝ ወይም ካናዳ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። በእነዚያ አገሮች የደም ስኳር የሚነበበው በሚሊሞል በሊትር ሲሆን፣ በኢትዮጵያና በአሜሪካ የተለመደው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ልዩነቱ 18 እጥፍ ያህል ነው፤ መሣሪያው 15 ሲል 270 ማለቱ ነው። ይህን ያልተነገራቸው እናት ስኳራቸው የወረደ መስሏቸው ጣፋጭ ሻይ ቢጠጡ ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም።

ይህን ማንሣት ያስፈለገው፣ በወረቀት ላይ የሚሠሩ ኤሌክትሮኬሚካል መመርመሪያዎች በርካሽነታቸው እየተወደሱ ባሉበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ውዳሴው መሠረት አለው። ነገር ግን ርካሽ የሆነው ወረቀቱ ነው፤ ውጤቱን የሚያነበው መሣሪያ ለአንድ አምራች ስትሪፕ ብቻ ተቆልፎ ከቀረ፣ የወረቀቱ ርካሽነት ለታማሚው አይደርሰውም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ኋይትሳይድስ የምርምር ቡድን በወረቀት ላይ ፈሳሽ የማያሳልፉ ድንበሮችን አበጅቶ ጠብታው በተወሰነለት መንገድ ብቻ እንዲጓዝ አደረገ። ወረቀት ፈሳሽን የሚስበው የኩራዝ ክር ላምባ በሚስብበት መንገድ ነው፤ ፓምፕም ኤሌክትሪክም አይሻም። በሽንት ውስጥ ስኳርንና ፕሮቲንን ለመለየት የታሰበው ያ ሥራ ውጤቱን የሚናገረው በቀለም ነበር። ቀለም ደግሞ በቀትር ፀሐይና በደብዛዛ አምፖል ሥር አንድ አይመስልም፤ ሁለት ሰዎችም አንዱን ቀለም በሁለት ደረጃ ሊያነቡት ይችላሉ።

በ2009 በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ሄንሪ ከታይላንዱ ቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን ቀለሙን በቁጥር ተኩት። በወረቀቱ ላይ በካርቦን ቀለም ኤሌክትሮዶችን አተሙ። ጠብታው ኢንዛይሙ ያለበት ቦታ ሲደርስ ኬሚካዊ ለውጥ ይካሄዳል፤ በዚህ ለውጥ የሚተላለፉት ኤሌክትሮኖች በኤሌክትሮዱ በኩል አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራሉ። ስኳሩ በበዛ ቁጥር ጅረቱም ይበረታል። ስኳር፣ ላክቴትና ዩሪክ አሲድ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተለኩ። በዚያው ሰሞን የወረቀቱን ድንበር ሰም በሚያትም የቢሮ ማተሚያ መሥራት እንደሚቻል ታየ፤ በርካታ ቤተ ሙከራዎችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። የሚገርመው፣ ዜሮክስ ኩባንያ ያን ዓይነት ማተሚያ ማምረት አቁሟል። ርካሽ ነገር ከአንድ አምራች ጋር ሲታሰር ዕጣው እንዲህ ነው።

ብዙ ሊወራለት ሲገባ ያልተወራለት ግን የ2010 ሥራ ነው። የኋይትሳይድስ ቡድን ከመደብር በተገዛ ተራ የስኳር መለኪያ ውስጥ የሚገባ የወረቀት ስትሪፕ ሠርቶ፣ ስኳርን ብቻ ሳይሆን ኮሌስትሮልን፣ ላክቴትንና አልኮልን ጭምር ለካበት። «የስኳር ማሽን» የሚባለው ዕቃ በመሠረቱ የትንሽ ጅረት መለኪያ መሆኑ በግልጽ ታየ። የሌላ አምራች ስትሪፕ የማይቀበለው የኤሌክትሪክ ሕግ ስለከለከለው አይደለም።

በ2014 ይኸው ቡድን ከዚህም አልፎ ሄደ። የአንዱ ዋጋ 25 ዶላር ገደማ የሆነ፣ ለብዙ ዓይነት ምርመራ የሚውል ማንበቢያ ይፋ አደረገ። መሣሪያው የደም ስኳርን፣ በሽንት ውስጥ ያለ ሶዲየምን፣ በውኃ ውስጥ ያሉ ከባድ ብረቶችን፣ የወባ ምልክት የሆነ ፕሮቲንንም ለካ። ውጤቱን የሚልከው በተራ ስልክ የድምፅ መስመር ነበር፤ ቁጥሩ ወደ ድምፅ ተለውጦ እንደ ማንኛውም ጥሪ ይሄዳል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ስለ ወረቀት መመርመሪያ የሚወጣው ጥናት እንደ ጉድ ሲበዛ፣ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የደረሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

አምራቾች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ተራ ሰበብ አይደለም። ስትሪፕና መሣሪያ አብረው የተስተካከሉ ናቸው፤ የኢንዛይሙ መጠን ከምርት ምርት ይለያያል፤ መሣሪያው ያንን ልዩነት ካላወቀ ቁጥሩ ይዛባል ይላሉ። የ2013ቱ ዓለም አቀፍ የአይኤስኦ መስፈርት ስኳሩ 100 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመቶ 95ቱ ንባብ ከትክክለኛው በ15 በመቶ ብቻ እንዲርቅ ይፈቅዳል፤ ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም። ነገር ግን የቀድሞ መሣሪያዎች ይህንኑ ችግር የሚፈቱት በስትሪፑ ዕቃ ላይ በታተመ የኮድ ቁጥር ነበር። ያ ኮድ ለሁሉም በሚገባ በአንድ ቋንቋ ቢጻፍ፣ ማንኛውም ማንበቢያ የማንኛውንም አምራች ስትሪፕ የማያነብበት ቴክኒካዊ ምክንያት አይታይም። የቀረው የንግድ ምክንያት ነው፦ መሣሪያው በርካሽ ይሰጣል፣ ትርፉ ከስትሪፑ ይለቀማል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ሙቀትና እርጥበት ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ በሙቀት ይደክማል፣ ወረቀትም እርጥበት ይስባል። ቦስተን ውስጥ በቀዝቃዛ ክፍል የተፈተነ ስትሪፕ ጋምቤላ ወይም ሰመራ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሦስት ወር ቆይቶ ያው ቁጥር ስለመስጠቱ ማስረጃ ሊጠየቅ ይገባል። ርካሽ ሆኖ የሚሳሳት መመርመሪያ ከነጭራሹ ካለመኖር የባሰ ነው፤ ሰው አምኖት መድኃኒት ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

ስለዚህ መሣሪያ የሚገዙ የጤና መሥሪያ ቤቶችና ለጋሾች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ የማሽኑን ዋጋ ሳይሆን የአምስት ዓመት ስትሪፕ ዋጋ ቢያስቀድሙ፣ ከአንድ በላይ አምራች ስትሪፕ የሚቀበል ማንበቢያ ቢጠይቁ፣ አምራቹ ይሰማል፤ ገበያው በእነርሱ እጅ ነው። ለእናቱ የሚልከውም ሰው ሳይገዛ በፊት አንድ ስልክ ይደውል፦ ሰፈራቸው ያለው ፋርማሲ የሚሸጠው የትኛውን ስትሪፕ ነው? የሚገዛው መሣሪያ ያንን የሚቀበል፣ ቁጥሩንም በሚሊግራም የሚያሳይ ይሁን።