የዕቃ ቤቱ ኪቦርድ አይሸጥ

የሙዚቃ ክበባችን ኮሚቴ በዕቃ ቤት ተቀምጦ የኖረውን አሮጌ ኪቦርድ ለአንድ ነጋዴ ለመሸጥ ማሰቡን ባለፈው ሳምንት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አውጥቷል። ጉዳዩም በሚመጣው ሐሙስ ለጠቅላላው ጉባኤ ቀርቦ ድምፅ ይሰጥበታል ተብሏል። እኛም በበኩላችን ዐሳባችንን ከወዲሁ በዚህች መጽሔት ብንገልጽ፣ ጉባኤው በተሰበሰበ ጊዜ ቢያንስ ስለ ምን እንደምንከራከር ዐውቀን እንከራከራለን በማለት ብዕራችንን አንሥተናል። አቋማችንን ሳንደብቅ ለመናገር፣ ኪቦርዱ መሸጥ የለበትም።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን «ለአንድ ለሞተ ኦርጋን ይህን ያህል ወረቀት ማባከን ምን አመጣው?» ሳይሉ አይቀሩም። እውነት ነው፤ ዕቃው ዛሬ ድምፅ አያወጣም። ነገር ግን ከመቅበራችን በፊት ሟቹ ማን እንደ ነበረና በምን እንደ ሞተ ማወቅ ተገቢ ይመስለናል፤ እንዲያውም ጨርሶ መሞቱንም እንጠራጠራለን።

ዕቃው ያማሃ ዲ.ኤክስ. 7 የተባለ ሲንተሳይዘር ነው። በእኛ አገር ሰው ሁሉንም በአንድነት «ኦርጋን» ወይም «ኪቦርድ» እያለ ስለሚጠራው ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ሲንተሳይዘር ግን ተዘጋጅቶ የተሰጠንን ድምፅ ከማሰማት አልፎ ድምፁን ራሱ ከሥሩ ጀምረን እንድንሠራው የሚፈቅድ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በ1983 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ሲወጣ ዋጋው ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። አንዱን ሞገድ በሌላው ሞገድ እያንቀጠቀጡ አዲስ ድምፅ የመፍጠርን ዘዴ ያገኘው ጆን ቻውኒንግ በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ሰው ነው። የአሜሪካ ኦርጋን ሠሪዎች ዘዴውን አይተው ሲተዉት፣ ያማሃ ፈቃዱን ወስዶ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ በዚህ ሣጥን ውስጥ አስገባው። ቻውኒንግ መሐንዲስ ሳይሆን የሙዚቃ ደራሲ መሆኑን የምህንድስና ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ልብ ይበሉልን።

የእኛው ዲ.ኤክስ. 7 ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪ ከአሜሪካ አምጥቶ ለክበቡ የሰጠው ነው። የአሜሪካ ዕቃ እንደ መሆኑ በ110 ቮልት ገደማ ይሠራል፤ የግድግዳችን ሶኬት ግን 220 ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ሁልጊዜ አንድ ከባድ መቀነሻ ትራንስፎርመር ይቀመጥ ነበር። በአንድ የበዓል ዋዜማ ምሽት ግን ትራንስፎርመሩ ለሌላ ሥራ ተወስዶ ሳለ አንድ ሰው ገመዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። ትንሽ ጭስና የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ዘፋኙም ያለ አጃቢ ቀረ። ማን እንደሰካው ዛሬ አናነሣም፤ ምናልባትም ከእኛው አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ምሽት ወዲህ ኪቦርዱ በአሮጌ መጋረጃ ተጠቅልሎ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ተኝቷል።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። ኮሚቴውን ለሽያጭ ያነሣሣው በግቢው ውስጥ የተናፈሰ ወሬ ነው። «አሮጌ ሲንተሳይዘር በውጭ አገር በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል» የሚል ነው ወሬው። ወሬው ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ሌላ ዕቃ የተነገረ ነው። በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጠው ለምሳሌ ሚኒሙግ ነው። ሚኒሙግ ከ1970 እስከ 1981 ድረስ የተሠራ፣ ቁጥሩም ከ12,000 ገደማ የማይበልጥ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ፣ ሲሞቅና ሲበርድ ቅኝቱ የሚንሸራተት ዕቃ ነው። ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ይህንኑ ነው። የእኛው ዲ.ኤክስ. 7 በአንጻሩ ከ150,000 በላይ ተሸጧል። በየስቱዲዮውና በየምሽት ክበቡ ስለ ገባ የ1980ዎቹ የፍቅር ዘፈኖች ግማሹ በእርሱ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ የተለሰነ እስኪመስል ድረስ ሰው ሰለቸው። እንዲህ የበዛ ዕቃ ሌላው ቀርቶ ደኅናው እንኳ የሚያወጣው ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ የተቃጠለውማ ምን ያህል እንደሚያወጣ ነጋዴው ራሱ ነግሮናል። ያቀረበው ገንዘብ ሁለት መካከለኛ ማይክሮፎን ይገዛል። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም እንደሚባለው፣ እኛ ራሳችን ከወንበር ሥር የጣልነውን ዕቃ ነጋዴው በክብር ዋጋ ይወስድልናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ታዲያ ዋጋ ማለት ምንድን ነው? በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እንወዳለን፤ ምክንያቱም የአሮጌ ሲንተሳይዘር ገበያ በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ የሚያስተምር ሆኖ አግኝተነዋል።

የጃፓኑ ሮላንድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቲ.ቢ. 303 የሚባል አንድ ትንሽ የብር ቀለም ያለው ሣጥን ሠርቶ ነበር። የታሰበው ቤዝ ጊታር የሚመታ ጓደኛ ላጣ ብቸኛ ጊታር ተጫዋች ምትክ እንዲሆን ነው። ምትክ ግን ሊሆን አልቻለም፤ ድምፁ ቤዝ ጊታር አይመስልም፣ ዜማ ማስገባቱም አስቸጋሪ ነው። ወደ 10,000 ገደማ ከተሠራ በኋላ በ1984 ሥራው ቆመ፤ ያሉትም በአሮጌ ዕቃ መሸጫ በርካሽ ዋጋ ተጣሉ። ከዚህ በኋላ በቺካጎ ከተማ ፊውቸር በሚል ስም የተሰባሰቡ ጥቁር ወጣቶች ይህንኑ የተናቀ ሣጥን ይዘው፣ ሠሪው ያላሰበውን መዘውር ያላሰበውን ያህል እያዞሩ፣ በ1987 «አሲድ ትራክስ» የተባለውን ሥራ አወጡ። ከዚያም ሙሉ የዳንስ ሙዚቃ ዐይነት ተወለደ። ዛሬ ያ ሣጥን የሚሸጠው በሺህ በሚቈጠር ዶላር ነው።

ልብ እንበል። ዋጋውን የፈጠረው ሠሪው አይደለም፤ ነጋዴው ወይም ሰብሳቢውም አይደለም። ዋጋውን የፈጠሩት ገንዘብ ያልነበራቸው ልጆች ናቸው። እነርሱም ሊፈጥሩት የቻሉት ዕቃው ርካሽ ስለ ነበረና እጃቸው ስለ ገባ ብቻ ነው። ዛሬ በዚያው ሰፈር ያለ አንድ ልጅ ያንኑ ዕቃ ልግዛ ቢል አይችልም፤ በመስተዋት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ዋጋው እስኪጨምር ይጠበቃል። የምንቃወመው ይህንን ነው። ዕቃ መሰብሰብን በጠቅላላው አንቃወምም። ሰብሳቢዎች ባይኖሩ ብዙው መሣሪያ ቆሻሻ ላይ ተጥሎ በቀረ ነበር። ሮላንድ ጁኖ 106 የተባለው የ1984 ሲንተሳይዘር ለምሳሌ 6 ድምፆች አሉት፤ ድምፆቹን የሚያወጡት ቺፖች በሙጫ መሰል ነገር ስለ ተለበጡ ከጊዜ ብዛት አንድ በአንድ ይሞታሉ። ምትክ ቺፕ በአዲስ መልክ ሠርተው የሚያቀርቡ ጥቂት ብልሃተኞች የተገኙት ዕቃውን የሚወዱ ሰዎች ስላሉ ነው። ቆልፎ በሚያስቀምጥና ጠግኖ በሚያስጮኽ ሰብሳቢ መካከል ግን ሰፊ ልዩነት አለ።

የሩቁን ካነሣን የቅርቡን መተው አይገባም። ኃይሉ መርጊያን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት የነበረው፣ በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን የሙዚቃ ሥራ ከጓደኞቹ ጋር ያወጣው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ሆኖ አንድ ካሴት ቀረጸ፤ መሣሪያዎቹም አኮርዲዮን፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ዲ.ኤክስ. 7 ነበሩ። አዎን፣ ከወንበሮቹ ሥር የተኛው የእኛው ዕቃ ወንድም። ኃይሉ በዋሽንግተን ብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኖሯል፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ የካሴት ፈላጊ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ሲታተም፣ ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ። ካሴቱን ያዳነው በባሕር ዳር ሳይጣል መቆየቱ ነው፤ ሰውየውን ያቆየው ግን በታክሲው ውስጥ ልምምዱን አለማቋረጡ ይመስለናል።

ከመምህሮቻችንና ከታላላቆቻችን አንዳንዶቹ «ኪቦርድ መጥቶ የትንፋሽ መሣሪያውን ገደለው፤ አንድ ሰው አንድ ከበሮ መቺ ማሽን ይዞ የአሥር ሰው እንጀራ በላ» ሲሉ እንሰማለን። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የሆነውን ስናስብ ወቀሳው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ባንዶቹን ያዳከማቸው የሰዓት እላፊውና የኑሮ ውድነቱም ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ፕላስቲክ ሣጥን ላይ መጫን የአብዬን ወደ እምዬ ነው።

ከሽያጩ ደጋፊዎች የሰማናቸው ሁለት ክርክሮች ግን በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያው የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛችን ያነሣው ነው። ዴክስድ የተባለ ነጻ ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ ቢጫን የዲ.ኤክስ. 7ን ድምፅ ከሞላ ጎደል ያወጣል፤ ታዲያ ሣጥኑ ለምን ያስፈልጋል? ፕሮግራሙን ሞክረነዋል፤ ጥሩ ነው። ሆኖም ከክበባችን አባላት ላፕቶፕ ያለው ጥቂቱ ነው፤ ያለውም ለመመረቂያ ጽሑፉ እየሳሳ አያበድርም። የላፕቶፕ ፊደል ላይ ትዝታ የመታ ሰው ካለ ደግሞ ይምጣና ያሳየን። 61 ቁልፍ ያለው፣ ጣት ሲበረታ የሚበረታ፣ ሦስት ሰው ዙሪያውን ቆሞ የሚጨቃጨቅበት ዕቃ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ያሳስበናል። የዲ.ኤክስ. 7 ቁልፎች በ12 እኩል ክፍል የተቃኙ ናቸው፤ ክራርና መሰንቆ ግን እንዲህ አይቃኙም። አንቺሆዬን በኪቦርድ የሰማ ሰው አንድ ነገር እንደ ጎደለው ጆሮው ይነግረዋል። ከአዲሶቹ ሲንተሳይዘሮች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የኮርግ ሞኖሎግ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ በፈለጉት ቅኝት ለማስተካከል ይፈቅዳሉ። የድሮዎቹ ቅጂዎችም በርካሽ ወጥተዋል፤ በ2018 ገደማ ቤሪንገር ያወጣው የሚኒሙግ ቅጂ 300 ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ «አሮጌውን ሸጠን አዲስ እንግዛ» የሚለው ዐሳብ ምክንያት አለው። ችግሩ ሒሳቡ ነው። የነጋዴው ገንዘብ የአዲሱን ሩብ እንኳ አይገዛም፤ አዲስ ዕቃ ማስገባት ደግሞ ቀረጥ እንዳለው ኮሚቴው ያውቃል። አሮጌው ሄዶ አዲሱ ሳይመጣ እንቀራለን፤ ሁለቱ ማይክሮፎኖችም በሚቀጥለው ዓመት ገመዳቸው ተበጥሶ ከወንበሮቹ ሥር ይተኛሉ።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ይህ ነው። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ የሆኑ ሁለት ወንድሞቻችንና አንዲት እኅታችን ክዳኑን ከፍተው አይተውታል። የተቃጠለው ኤሌክትሪክ የሚገባበት ክፍል እንደ ሆነ፣ ድምፅ የሚያወጡት ሰሌዳዎች ግን ለዐይን ጤነኛ እንደሚመስሉ ነግረውናል። ተስፋ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ይህንንም አስጠንቅቀውናል። የሚያስፈልገው ፊውዝ፣ ትራንስፎርመርና ጥቂት ካፓሲተር ነው፤ አብዛኛው መርካቶ ይገኛል። ውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ ሰሌዳው ላይ የተበየደች ስለሆነች ተነቅላ በአዲስ ትተካለች፤ የተቀመጡት 32 ድምፆች ቢጠፉም በሚዲ ገመድ ከኮምፒውተር እንደገና ይጫናሉ። ወጪው ከክበቡ የዓመት መዋጮ ትንሽ ክፍል ነው። ካልተሳካ ነጋዴው አይጠፋም፤ የተቃጠለ ዕቃ የሚገዛ ሰው በሚቀጥለው ወርም ይገዛል።

ከተሳካ ደግሞ መቀነሻው ትራንስፎርመር በሰንሰለት ከኪቦርዱ ጋር ይታሰር፤ ሶኬቱም ላይ በትልቅ ፊደል «110» ተብሎ ይጻፍ። ክፍሉ ከሰኞ እስከ ዐርብ ከ11 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ማታ ክፍት ይሁን፤ የክበቡ አባል የሆነም ያልሆነም ስሙን ጽፎ በተራው አንድ አንድ ሰዓት ይጫወት። የመጀመሪያው ተረኛ ማን ይሁን የሚለውን ጉባኤው ይወስን፤ እኛ እንደ ሆንን ስማችንን በዝርዝሩ አናት ላይ ከአሁኑ ጽፈናል።